አብዶ ነው ወይስ ጃጅቶ? ያረጀ ውሻና ድመት መርሳት ሲጀምር

ነብሮ በሩን ተሳሳተ። ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው።

የግቢያችን በር በስተግራ ነው የሚከፈተው። ውሻችን 13 ዓመት ሙሉ እዚያው በስተግራ ቆሞ ነው የጠበቀን። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስገባ ግን በስተቀኝ፣ ማጠፊያው ጋ ቆሞ አገኘሁት። አፍንጫውን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቋል። በሩ ተከፍቷል። እሱ ግን የማይከፈተውን ወገን ይጠብቃል። ስጠራው ዞር ብሎ አየኝ። ጭራውን አልቆላም።

"ሙቀቱ ነው" አልን። ግንቦት ነበር። በግንቦት ድሬዳዋ ውስጥ ሙቀት ላይ የማይላከክ ነገር የለም።

ከሁለት ወር በኋላ ነብሮ ሌሊት ሌሊት ግቢውን መዞር ጀመረ። ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ ይጮሃል። ቀን ደግሞ ድፍት ብሎ ይውላል። የጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ውሻ አብዷል። ልጆቹን ሳይነክስብን አንድ ነገር አድርጉት" አሉኝ። "አንድ ነገር አድርጉት" ማለት በሰፈራችን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወይ ድንጋይ ነው፣ ወይ መርዝ።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድነው። አየችው፣ ጠየቀችን፣ ደሙን አስመረመረች። በመጨረሻ "አላበደም" አለችን። "ጃጅቷል።"

ይህን የምጽፈው ለዚያች አንዲት ቃል ብዬ ነው። ውሻ ይጃጃል። ድመትም ትጃጃለች። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ለምን እንደማያውቅም ይገባኛል። አብዛኛው የግቢ ውሻ ለዚያ ዕድሜ አይደርስም። መኪና ይገጨዋል፣ በሽታ ይጥለዋል፣ የተመረዘ ሥጋ ይበላል። ዕድሜ የጠገበ ውሻ ሲገኝ ታዲያ ምን እንደሆነ የሚነግረን ልምድ የለንም። አፋችን ላይ ያለው ቃል "አብዷል" ብቻ ነው። በዚያ ቃል የተነሳ ደግሞ ስንት ምስኪን እንስሳ ተደብድቧል።

አንጎሉ ውስጥ ምን ይሆናል?

በሰው ላይ የሚደርሰውን የመርሳት በሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዓይነቶቹ ዋነኛው አልዛይመር ነው። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። እሱ በ1906 እ.ኤ.አ. በመርሳት በሽታ ተሠቃይታ ስለሞተች አንዲት ታካሚው ለባልደረቦቹ ተናገረ። አንጎሏን በአጉሊ መነጽር ሲያየው በነርቭ ሴሎቹ መካከል የተከማቸ ባዕድ ነገር አግኝቶ ነበር። ያ ክምችት ዛሬ ስም አለው። ቤታ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ነው።

ያው ፕሮቲን ባረጀ ውሻ አንጎል ውስጥም ይከማቻል። የሚመስል አይደለም፣ ያው ራሱ ነው። የውሻ ቤታ አሚሎይድ የተሠራበት ቅደም ተከተል ከሰው ጋር አንድ ነው። በድመት ላይም ክምችቱ ይታያል። አንጎሉ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ በውስጡ ያሉት ክፍተቶች ይሰፋሉ። የደም ዝውውሩ ይቀንሳል። ሴሎቹ ስኳርን አቃጥለው ጉልበት የማግኘት አቅማቸው ይደክማል።

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጠዋት መተላለፊያው ሰፊ ነው። ረፋዱ ላይ ሻጩ ሁሉ ዕቃውን ወደፊት ሲዘረጋ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል። መድረስ አሁንም ይቻላል፤ ግን ትዘገያላችሁ፣ ትጋጫላችሁ፣ አንዳንዴም ተስፋ ቆርጣችሁ ትመለሳላችሁ። በጃጀ ውሻ አንጎል ውስጥ መልእክት የሚጓዘው እንደዚያ ነው። ነብሮ በሩን ያውቀዋል። ወደ እውቀቱ የሚያደርሰው መንገድ ነው የተዘጋበት።

ይህ ነገር ብርቅ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት ዕድሜያቸው 11 እና 12 ዓመት ከሆኑ ውሾች 28 በመቶው ቢያንስ አንድ ምልክት እንዳሳዩ ይናገራል። ከ15 እስከ 16 ዓመት ባሉት ላይ ቁጥሩ 68 በመቶ ደረሰ። በድመቶችም ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት ግማሽ ያህሉ ምልክት እንደሚያሳዩ ተመዝግቧል። ድመት ግን ስታረጅ ጸጥ ትላለች፣ ትደበቃለች። ስለዚህ ቶሎ አይታወቅባትም።

ምን ምን ይታያል?

መጀመሪያ አቅጣጫ ይጠፋዋል። ቤቱ ውስጥ፣ ተወልዶ ያደገበት ግቢ ውስጥ ይጠፋል። ከአልጋ ሥር ወይም ከሶፋ ጀርባ ይገባና መውጫው ይጠፋዋል። ወደ ኋላ መራመድ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም። በሩን በማጠፊያው በኩል መጠበቅ በጣም የታወቀ ምልክት ነው። እኔ ይህን ሳውቅ አለቀስኩ። ሁለት ወር ሙሉ እያየሁት ሙቀት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛው ከሰው ጋር ያለው ነገር ነው። ይቀበላችሁ የነበረው ዝም ይላል። ራቅ ይል የነበረው ደግሞ እግር እግራችሁን እየተከተለ አላስቀምጥ ይላል። ሦስተኛው እንቅልፍ ነው፤ ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ይሆንበታል። አራተኛው የሽንት ነገር ነው። ውጭ ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ምን ሊያደርግ እንደወጣ ረስቶ ይመለስና ሳሎን ውስጥ ይሸናል። በልቶ እንደበላ የሚረሳም አለ። ጥግ ላይ ቆሞ ግድግዳ የሚያይም አለ። የሚጨነቅ፣ ያለምክንያት የሚንቀጠቀጥ፣ ብቻውን ሲሆን የሚያለቅስ አለ።

ድመት ላይ ጎልቶ የሚታወቀው የሌሊት ጩኸት ነው። ረዘም ያለ፣ የሆነ ሰው የጠፋባት ዓይነት ድምፅ ነው። የሰማው አይረሳውም።

አንድ ምልክት ብቻ ስላያችሁ አትደንግጡ። ግን ቀኑን ጻፉት። ከወር በኋላ ሁለት ሦስት ከሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታን እንለይ

እማማ መፍራታቸው ልክ ነበር። ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በአገራችን የውሻ ጠባይ ተለወጠ ሲባል ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ውሻውንም፣ የተነከሰውንም ሰው ከሞት የሚመልስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልዩነቱን ማወቅ የግድ ነው።

ዋናው ልዩነት ፍጥነቱ ነው። መጃጀት በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። የእብድ ውሻ በሽታ በቀናት ነው። ትናንት ደህና የነበረ ውሻ ዛሬ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ እንጨትም ድንጋይም ያኝካል። ወይም ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል። ድምፁ ይጎረንናል። መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል። የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ምልክቱ ከታየበት ጊዜ ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላው ይሞታል። ውሻችሁ ለአራት ወር ያህል ሲዞር፣ ሲረሳ፣ ግን ሲበላና ሲጠጣ ከቆየ የእብድ ውሻ በሽታ አይደለም።

የዚህ በሽታ ዝምተኛ መልክም አለ፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። ውሻው አይቆጣም። መንጋጋው ወድቆ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰው አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለውና እጁን ወደ አፉ ይከታል። ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ከነከሳችሁ ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ካረፈ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። "ውሻው ምን እንደሚሆን እንይ" እያሉ ቤት መቀመጥ አይገባም። 

የነብሮ የክትባት ካርድ በየዓመቱ የተሞላ ነበር። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነው። ውሻ ያለው ሁሉ ካርዱን እንደ ቤት ካርታ ያስቀምጥ፤ አንድ ቀን የውሻውን ነፍስ የሚያድነው እሱ ሊሆን ይችላል።

አላበደም ማለት ግን ጃጅቷል ማለት አይደለም

ለመጃጀት "ይኸው" ብሎ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪም የሚያደርገው ሌላ ሌላውን አንድ በአንድ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ መቸኮል ብዙ ያሳጣል። ምክንያቱም መጃጀት ከሚመስሉት አንዳንዶቹ የሚድኑ ናቸው።

ዓይኑ ሞራ ሸፍኖት ይሆናል። ጆሮው ደክሞ ይሆናል፤ ያልሰማውን ጥሪ እንዴት ይመልስ? ወገቡና ጉልበቱን አሞት ሌሊት መተኛት አቅቶት ይሆናል። ሕመም ያለበት እንስሳ ሲነኩት ይቆጣል፣ ከሰው ይሸሻል፣ ለመሽናት ደረጃ መውረድ ያስፈራዋል። ይህን ሁሉ ሰው "ጃጀ" ብሎ ይተወዋል። የሕመም መድኃኒት ሲያገኝ ግን ሌላ ውሻ ይሆናል።

ውሃ በብዛት የሚጠጣና ብዙ የሚሸና ከሆነ ኩላሊቱ ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ያረጀች ድመት እየበላች ከከሳች፣ ዕረፍት ካጣች፣ ሌሊት ከጮኸች የእንቅርት ዕጢዋ ከመጠን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊትም አለ። ድመትን በአንድ ሌሊት ዓይነ ስውር ሊያደርጋት ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር ላክል። ያረጀ ውሻ ድንገት አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ዓይኑ እየተርገበገበ፣ እንደሰከረ እየወደቀ ቢነሳ ብዙ ሰው "አለቀለት" ይላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ችግር ነው። ብዙዎቹ በቀናት መሻል ይጀምራሉ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት በእግራቸው ይቆማሉ። ሐኪም ሳያየው አትፍረዱበት።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ከሁሉ የሚጠቅመው የስልክ ቪዲዮ ነው። እንስሳው ምርመራ ክፍል ውስጥ ሲገባ በፍርሃት ንቁ ይሆናል፤ ቤት የሚያደርገውን አያሳይም። ሌሊት ሲዞር፣ ጥግ ላይ ሲቆም ቅረጹት። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። አብዛኛው የአካባቢያችን የእንስሳት ሕክምና ሥራ በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ ያተኮረ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፣ የሕዝቡ ኑሮ በዚያ ነውና። ስለዚህ ለውሻና ለድመት ስትሄዱ ታሪኩን አሟልታችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ላይ ሁሉን አትጣሉ።

ስለ መድኃኒት

የሚያድነው መድኃኒት የለም። የሚያዘገየውና የሚያቀለው አለ። ሴሌጂሊን የሚባለው፣ ለሰው የፓርኪንሰን በሽታ የሚሰጠው፣ በአሜሪካ ለጃጀ ውሻ የተፈቀደው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። አንዳንዱን ውሻ ይረዳዋል፣ አንዳንዱን አይረዳውም። ሐኪም ሳያዝ ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። ለመዥገር ከሚረጨው አሚትራዝ ጋር አብሮ መሄድ የለበትም። አሚትራዝ እኛ አካባቢ ለከብት የሚረጭ ነው፤ ሰው ውሻውንም ያጥብበታል። ከአንዳንድ የጭንቀት መድኃኒቶችና ከትራማዶልም ጋር አይስማማም።

የራሳችሁን ማስታገሻ አትስጡ። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻሉ። ይህን የምለው "ትንሽ ነው የሰጠሁት" ብለው ያለቀሱ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

የኮኮናት ዘይት ይጠቅማል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሐሳቡ መሠረት አለው። ስኳር ማቃጠል ያቃተው አንጎል ከተወሰኑ የቅባት ዓይነቶች ጉልበት ሊያገኝ ይችላል፤ በዚህ መልክ የተዘጋጁ የውሻ ምግቦችም አሉ። የኩሽና ዘይት ግን ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። በማንኪያ ሲጨመርለት ተቅማጥ ያመጣል፣ ቆሽቱንም ሊያስቆጣ ይችላል።

ዋናው ሕክምና ቤት ነው

ይህን ስል ለማጽናናት አይደለም። በሽምግልና ላይ ያሉ ቢግል ውሾች ለሁለት ዓመት የተጠኑበት ሥራ አለ። ከፊሎቹ የተሻለ ምግብ አገኙ። ከፊሎቹ በእግር መሄድ፣ ጓደኛ፣ መጫወቻና የሚማሩት ነገር አገኙ። ሁለቱንም ያገኙት ከሁሉ በተሻለ መማራቸውን ቀጠሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 15,019 ውሾችን ያካተተ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የማይንቀሳቀሱ ውሾች ላይ ችግሩ ከሚንቀሳቀሱት ከስድስት እጥፍ በላይ ተያይዞ እንደታየ አሳይቷል። አለመንቀሳቀሳቸው አመጣባቸው ወይስ በሽታው እንዳይንቀሳቀሱ አደረጋቸው? ጥናቱ ያንን አይለይም። ማራመድ ግን ጉዳት የለውም።

ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ማንም እንስሳ አይራመድም። አስፋልቱ መዳፉን ያቃጥለዋል። ነብሮን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ይዘነው እንሄድ ነበር። ሩቅ አይደለም። ባለበት ቆሞ ማሽተት ከፈለገ እንተወዋለን። ማሽተት ለውሻ ጋዜጣ ማንበብ ነው። ማታ ነፋሱ ሲመጣ ደግሞ ትንሽ እንደገና። ቀን ቀን ሙቀቱ ስለሚጥለው ሌሊት መንቃቱ የማይቀር ነበር። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ እህቴ ሁለት ሦስት ጊዜ እየቀሰቀሰች ቁርጥራጭ ሥጋ ጨርቅ ውስጥ ደብቃ ታስፈልገው ነበር። ያ ብቻውን ሌሊቱን በግማሽ አቀለለው።

ውሃ ሌላው ነገር ነው። የጃጀ እንስሳ ውሃው የት እንዳለ ይረሳል። በሐረር ብርድ ይህ ቶሎ ላይጎዳው ይችላል። በድሬ ሙቀት ግን በአንድ ቀን ይጥለዋል። አንድ ሳህን የነበረውን አራት አደረግነው፤ በረንዳው ላይ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ በሩ ጋ፣ መኝታው ጋ። ከዚያ በኋላ አላነሳናቸውም።

አለማንሳት ትልቁ ሥራ ነው። ዕቃ አታዛውሩ። ሶፋ አትቀይሩ። መኝታውን ጠዋት አጥባችሁ ሌላ ጥግ ላይ አታንጥፉለት። እሱ ዓለሙን የሚያውቀው በቦታ ነው። እናቴ ለበዓል ሳሎኑን ስታገላብጥ ነብሮ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨንቆ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ ለእሱ ስትል ሳሎኗን እንደነበረ ተወችው። እናቴን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሴራሚክ ወለል ላይ ያረጀ እግር ይንሸራተታል። ወድቆ መነሳት ያቃተው እንስሳ የበለጠ ይፈራል። ሰሌን ወይም አሮጌ ምንጣፍ ከመኝታው እስከ በሩ ዘርጉለት። ምንጣፉ ራሱ መንገድ ይሆንለታል። ማታ አንዲት ትንሽ አምፖል አብሩ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ነገር አዘጋጁ፤ ድንገተኛ ጨለማ በጣም ያስደነግጣቸዋል።

ሰዓቱንም ጠብቁለት። በእኛ ሰፈር ቀኑ በአዛንና በደወል የተከፋፈለ ነው፤ ስለዚህ ቀላል ነው። የነብሮ ምሳ ከዙሁር አዛን በኋላ ነበር፣ ሁልጊዜ። ረመዳን ሲገባ ግን ሌሊቱ ቀን ይሆናል። ወጥ ቤቱ ለሱሁር ይከፈታል፣ ሰው ይነቃል፣ ሽታው ይመጣል። ያረጀ ድመት ያለበት ቤት በዚህ ወር ችግር ያያል። የእሷን ሰዓት እንደ ወትሮው ለይታችሁ ብትይዙላት ከረመዳን በኋላ አትቸገሩም። የክርስቲያኑ ቤት ችግር ደግሞ ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሥጋ ከቤት ይጠፋል፤ ውሻው የሚያገኘው ፍርፋሪ እንጀራ ብቻ ይሆናል። ያረጀ ውሻ ጡንቻው እየሟሸሸ ነው፤ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የተቀቀለ እንቁላል ለእሱ ብቻ ቢገባ ጾሙን አያፈርስም። ወጥ ፍርፋሪ ላይ አታፍሱ። ሽንኩርት ጥሬም ይሁን የበሰለ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይሰብራል።

ሳሎን ሲሸና አትምቱት፣ አትጩኹበትም። ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ የሚያውቀው እናንተ እንዳስፈራራችሁት ብቻ ነው። በውሃና በኮምጣጤ አጽዱት። ሽንት ላይ በረኪና አታፍሱ፣ ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ትነት ሳንባ ያቃጥላል። ሲተኛ ከኋላ አትንኩት። ከፊቱ ሆናችሁ፣ እጃችሁን አሽትታችሁት ቀስቅሱት። ደንግጦ የሚነክስ የዋህ ውሻ አይቻለሁ። ለልጆች ይህን ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው።

በሩን ዝጉ። የጃጀ ውሻ ይወጣል፣ መመለሻውን አያውቅም። በአንገቱ ማሰሪያ ላይ ስልክ ቁጥር ጻፉለት። ድሬዳዋ ላይ ባጃጁ አለ። ደቻቱ ወንዝም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ስንት ሰው እንደወሰደብን የድሬ ልጅ ሁሉ ያስታውሳል። መንገዱን የረሳ እንስሳ ከዚያ አሸዋ ውስጥ መውጣትን አያስብም። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ጅቡን አስቡ። ጅቡ ከሰው ጋር ለምዶ፣ በጀጎል ግንብ ቀዳዳዎች እየገባ መንገድ ላይ ይዞራል። ጤነኛ ውሻ ሽታውን አውቆ ይሸሻል፣ ወይም ጣሪያ ሥር ሆኖ ይጮሃል። የጃጀው ግን ፊት ለፊት ይሄድለታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤት አስገቡት። በረንዳ አይበቃም።

ለራሳችሁም አስቡ። ሦስት ሳምንት ያልተኛ ሰው ይነጫነጫል፣ ከዚያ በኋላ ይጸጸታል። እኛ ሌሊቱን ተከፋፈልነው። እኔ እስከ ስምንት ሰዓት፣ እህቴ እስከ ንጋት። ብቻዋን የምትኖር ሴት ይህን ብቻዋን መሸከም የለባትም፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ በሳምንት አንድ ሌሊት ቢያግዛት ለውጥ አለው።

መቼ ነው የሚበቃው?

ይህን የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ የያዝኩት ቀላል ነገር ነበር። የቀን መቁጠሪያው ላይ ጥሩ ለዋለበት ቀን ክብ፣ ለከፋበት ቀን መስመር አደርጋለሁ። ጥሩ ቀን ማለት በልቷል፣ ተኝቷል፣ ቢያንስ አንዴ አንዳችንን አውቋል ማለት ነው። መስመሩ ከክቡ ሲበዛ፣ ለሁለት ሳምንትም እንደዚያው ሲቀጥል ሐኪሟን ጠራናት። በመርፌ፣ ሕመም ሳይሰማው፣ በመኝታው ላይ እንዳለ ሄደ። እናቴ ጭንቅላቱን ይዛው ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን አይቀበልም። አከብራለሁ። ግን ይህን የማይቀበል ሰው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ውሃና ጥላ፣ ንጹሕ መኝታና የሕመም ማስታገሻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መንገድ ላይ አውጥቶ መተው ወይም መርዝ ማብላት ግን ከሁለቱም አይደለም። መርዙ ሥቃዩ ከባድ ነው፤ ሌላ እንስሳም፣ ልጅም ሊያገኘው ይችላል።

ባለፈው ወር እማማ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። "አንቺ፣ ድመቴ ሌሊት ሌሊት ትጮሃለች። እንደ ነብሮ ጃጅታ ይሆን እንዴ?"

በድሬ ወግ እኔም አንቺ ነው የምላቸው። "ስንት ዓመቷ ነው?" አልኳቸው።

"የልጄ ሠርግ ጊዜ ነው የተወለደችው። 14 ይሆናታል።"

"ውሃ ትጠጣለች?"

"ኧረ ባልዲው ውስጥ ልትገባ! ከሳህኗ አልፋ ከማጠቢያው ትጠጣለች።"

"ትበላለች?"

"ትበላለች። ግን አጥንቷ ወጥቷል።"

"እንግዲያው ገና ጃጅታለች አትበዪ። መጀመሪያ ደሟ ይመርመር" አልኳቸው። ስልካቸውን ሰጡኝና ሌሊት እንዴት እንደሚቀርጹ አሳየኋቸው። በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ድመቷን ካርቶን ውስጥ አድርገን በባጃጅ ይዘናት ሄድን።